ለአንድ ወንበር ሁለት ሰልጣኝ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሕይወት ደብተሯን ይዛ መጣችና ደጃፌ ላይ ካለው መደብ ተቀመጠች። የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሥራ እየተማረች ነው። እሷ «ጤና መረጃ» ነው የምትለው። ሁለት ዓመት ኮሌጅ ቆይታ አሁን ንፋስ መውጫ ከተማ ለልምምድ ተመድባለች፤ የበሽተኛውን ስም ኮምፒውተር ላይ ስትጽፍ ትውላለች።

«አባባ፣ እርስዎ አርባ ዓመት ካርድ ክፍል ሠርተዋል አሉኝ። እኛ ያልተማርነው ነገር ካለ እስኪ ይንገሩኝ» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ገና አፏን ሳትዘጋ ቀናሁባት። ሁለት ዓመት! እኔ የሠለጠንኩት ሦስት ወር ነው፣ እሱንም ቆሜ። እሷ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ጣቷን ጫን ስታደርግ ሰውየው ከነአያቱ ብቅ ይላል። እኔ መሰላል ላይ ተንጠልጥዬ አቧራ ስውጥ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። በስልሳ ሰባት ዓመቴ በአንዲት ልጅና በአንድ ማሽን መቅናቴ ለራሴም ገረመኝ።

ቢሆንም አንድ ነገር ነገርኳት። ሴት በሽተኛ የካርድ ቁጥሯ ሲጠፋ ካርዷ በምን እንደሚገኝ ነው የነገርኳት። ዝርዝሩን ኋላ እደርስበታለሁ። ልጅቷ ጻፈችውና ቀና ብላ «ይሄንን መምህሮቻችንም አላስተማሩንም። እንዴት ደረሱበት?» አለችኝ።

«ከሥራ ብዛት ነው» አልኳት።

ዋሸኋት። ይህንኑ ውሸት መጀመሪያ የዋሸሁት በሃያ ዓመቴ ነው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ እንደሚሆን አድርጌ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ጠዋት እርሻ፣ ከሰዓት በኋላ ኮሶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሀ ሁ ማለት። ከዚያ አራተኛ ክፍል ድረስ ገፋሁና ተውኩት። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን ዳገት እንደሚወጣ አህያ ነኝ፣ እያንዳንዱ ፊደል ላይ ቆም እላለሁ። አባቴ እኛ አገር ቤተ ልሔም ከምትባለው ቦታ አቅራቢያ ገብስና ባቄላ የሚያርስ ገበሬ ነበር። አራት ወንዶች ነን፤ መሬቷ ለሁለት እንኳ አትበቃም። እኔ ሦስተኛው ነኝ፤ የሚጠብቀኝ ዕድል ታላቅ ወንድሜ ቤት እያረስኩ የእሱን እንጀራ እየበላሁ መኖር ነበር።

በዚያ ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንድ ወሬ ተነገረ። ጤና ጣቢያው ለካርድ ክፍል ሁለት ሰው አሠልጥኖ አንዱን ይቀጥራል አሉ። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም፤ አብረውኝ የሠሩት ሰዎች ልጆች ዛሬም አሉ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጋሽ ታፈረ የሌላ አገር ሰው ነበሩ፤ ወደ ትውልድ አገራቸው ሊዛወሩ ሲሉ ተተኪያቸውን አሠልጥነው እንዲሄዱ ታዘዋል። እጄን አወጣሁ። ይህችን ወንበር ካገኘሁ የራሴ ቤት ይኖረኛል፤ ካጣሁ የወንድሜ አራሽ ነኝ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ከቤታችን እስከ ጤና ጣቢያው ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የእግር መንገድ ነው። ጥቅምት ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል፤ በጎማ ጫማ ስረግጠው ይንኮሻኮሻል። የገብሱ ዛላ ገና ጤዛ አለበት፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ይረጥባል። ምሳዬ ሁልጊዜ በጨርቅ የተቋጠረ የድንች ቅቅል ነበር፤ ስነሣ እናቴ ትኩሱን ትሰጠኝና ብብቴ ሥር አድርጌ እየሞቅኩት እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ቀን ቶሎ ደረስኩ ብዬ ደስ ሲለኝ ሌላዋ ሰልጣኝ ቀድማኝ በሩ ላይ ተቀምጣለች።

የሺ ትባላለች። ከእስቴ ነው የመጣችው፤ ከተማው ውስጥ ካለች አክስቷ ዘንድ ነበር የተጠጋችው። አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አላት፣ ቀጭን ናት፣ ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች። ከባሏ ቤት ጠፍታ የመጣች ናት ይሉ ነበር። ሥራውን ካገኘች ከተማው ውስጥ ትቀራለች፤ ካላገኘች አክስቷ ወደ እስቴ ትመልሳታለች። ይህን የነገረኝ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ነው። አሳዘነችኝ ብል ደስ ባለኝ። እኔ ግን ሰባተኛ ክፍል የምትለዋን ቃል ብቻ ነው የሰማሁት።

ካርድ ክፍሉ አንዲት የጭቃ ቤት ነበረች፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ መስኮቷ አንድ። በሽተኛው ውጭ ቆሞ በመስኮቱ ስሙን ይናገራል፤ እኛ ውስጥ ሆነን ካርዱን ፈልገን ለሐኪሙ እናደርሳለን። ሦስቱን ግድግዳ መደርደሪያ ሞልቶታል። አይጥ አይጥ ይሸታል፣ ከጎረቤት ክፍል ደግሞ የአልኮል ሽታ ይገባል። ከሰዓት በኋላ የጉና ተራራ ነፋስ ሲነሣ ካርዶቹ እንዳይበተኑ ድንጋይ እንጭንባቸው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ሰው መጀመሪያ ሲመጣ ካርድ ይወጣለታል፤ የካርዱ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል። በሚቀጥለው ሲመጣ ቁጥሩን ካሳየ ካርዱን ከመደርደሪያው መምዘዝ ብቻ ነው። ችግሩ ቁራጯ ወረቀት አትገኝም። አንዱ ትንባሆ ጠቅልሎባታል፤ አንዷ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወንዝ ወርዳ አጥባታለች። ያን ጊዜ በትልቁ መዝገብ ላይ በስም መፈለግ ነው። መዝገብ ላይም ከሌለ አዲስ ካርድ ይወጣል።

ጋሽ ታፈረ ይህን አዲስ ካርድ ማውጣት የሚሉትን ነገር አይወዱትም ነበር። «ልጆቼ፣ አዲስ ካርድ ባዶ ወረቀት ነው። ሰውየው ድሮ ምን እንደታመመ፣ የትኛው መድኃኒት እንደጣለው አሮጌው ካርድ ላይ ነው ያለው። ሳትሰለቹ ፈልጉ» ይሉናል። ሌላም ትምህርት ነበራቸው፤ ካርድ ላይ ያየነውን በሽታ ለማንም እንዳንናገር፣ ቁጥር ስንጽፍ ሰባትና አንድ እንዳይመሳሰሉብን፣ በሽተኛ ላይ እንዳንጮህ። ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ደግሞ ውድድር ያደርጉናል። መሀል ላይ ቆመው «ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት!» ሲሉ ሁለታችን እንሮጣለን። እኔ እግሬ ፈጣን ነው፤ የሺ ግን ዓይኗ ይቀድማል። መሰላሉን ይዤ ሳልጨርስ ካርዱ እጇ ላይ ነው።

ጎበዝ የምትለውን ቃል መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ቀን ጋሽ ታፈረ ለየሺ ሰባት ጊዜ ጎበዝ አሉ። ለእኔ አንድ ጊዜ፤ እሱንም ወለሉን ስጠርግ። ማታ አባቴ ሥልጠናው እንዴት ነው ሲለኝ «ደህና ነው፣ ከእኔ ጋር ያለችው ትንሽ ይከብዳታል» አልኩት። ይህን ስል አላፈርኩም። ጽሕፈቷ የተፈተለ ክር ይመስላል፤ የእኔ ዶሮ የጫረው ነው። ቁጭ ብላ ካርድ ስትደረድር እንኳ ታናድደኝ ነበር፤ ታፏጫለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ከውጭ ግድግዳው ሥር ፀሐይ እንሞቃለን። አንድ ቀን በጨርቅ የባቄላ እሸት ይዛ መጣች።

«ደሴ፣ ና ጠጋ በል። ለአንድ ሰው ይበዛል።»

«ጠግቤያለሁ።»

«በምን? በአቧራ ነው?»

«በድንቼ።»

«ድንችህማ ቅድም ለዘበኛው ውሻ ስትወረውር አይቼሃለሁ፤ በረዶ ሆኗል ብለህ። እልኸኛ ነህ አንተ።»

እሸቱን ፊቴ እየፈለፈለች በላች። አረንጓዴ ሽታው እስከ አሁን ትዝ ይለኛል፤ አፌ ምራቅ ሞልቶ ወደ ሌላ ወገን ዞርኩ።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን አንድ ነገር ነው። ቁጥሯ የጠፋባት ሴት ስትመጣ እኔ መዝገቡን ከዳር እዳር አገላብጬ የለም እላለሁ። የሺ ወጣ ትልና ሴትዮዋን ጠጋ ብላ በጆሮዋ የሆነች ነገር ትጠይቃታለች። ተመልሳ መዝገቡን ትገልጣለች፤ ካርዱ ይገኛል። አንዴ ቢሆን ዕድል ነው እላለሁ። በየሳምንቱ ነው። ጋሽ ታፈረ «ፊት ታስታውሳለች ይቺ ልጅ» ይሉ ነበር። እኔ ግን የፊት ነገር እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ የምትጠይቀው ጥያቄ አለ። ልሰማ ብዬ ስጠጋ ጨርሳ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ሳፈጥባት ያዘችኝ። «ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው ልንገርህ?»

«ማን ጠየቀሽ?»

«እሺ። ስትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።»

ብጠይቅ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። ከሴት ልማር እንዴ? አልኩና አንገቴን አደነደንኩ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ገብሱ ከአውድማ ገብቶ ጭዱ ሲከመር፣ ሥልጠናው አለቀ። በዋዜማው ጋሽ ታፈረ ጠሩን። «ነገ የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ይበዛል። ጠዋት መስኮቱ የደሴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ የየሺ። እኔ እጄን አላስገባም፤ ተራው ያልሆነ ወደኋላ ተቀምጦ የተመለሰውን ካርድ ይደርድር። ሥራው ሲያልቅ ማን እንደሚቀጠር ለኃላፊው እነግራለሁ» አሉ። ሲናገሩ ያዩ የነበሩት የሺን ነው።

ጠዋት በደንብ ሄደልኝ። ሃያ ምናምን ሰው ሸኘሁ፣ አንድ ጊዜም አልተሳሳትኩም። ረፋድ ላይ አንድ ገበሬ በቅሎ እየሳበ መጣ፤ በቅሎዋ ላይ ጋቢ የተከናነበች ልጅ እግር ሚስቱ ጎብጣ ተቀምጣለች።

«ወንድሜ፣ እባክህ ቶሎ በልልኝ። ውጋት ነው፣ ትንፋሽ ከለከላት።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ጠጂቱ።»

«ቁጥር አላት? እዚህ ታክማ ታውቃለች?»

«እኔ እንጃ። እኔ ዘንድ ከገባች ዓመቷ ነው፤ ከገባች ወዲህ አልታመመችም።»

የአባቷን ስም ተቀብዬ መዝገቡ ላይ ጠ ያለበትን ገጽ ሁሉ አየሁ። በአባቷ ስም የምትገጥም ጠጂቱ የለችም። ከኋላዬ የሺ ድምጿን ቀንሳ «ደሴ፣ እሷን ራሷን ጠይቃት» አለችኝ።

«ምኗን ልጠይቃት? መናገር አቅቷት!»

«እሺ እኔ ልውጣና...»

«ተራዬ ነው! ቁጭ በይ!»

ጮኼ ነበር፤ ሰልፉ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። የሺ ቁጭ አለች። እኔ አዲስ ካርድ አወጣሁ፣ ጠጂቱ ብዬ ጻፍኩበት፣ ላኩት። በፍጥነቴ ኮራሁ።

ሐኪም የምንለው ድሬሰሩን፣ ቁስል የሚያጥበውንና መርፌ የሚወጋውን የጤና ረዳት ነው። አያት፣ ፔኒሲሊን ትወጋ ብሎ አዲሱ ካርድ ላይ ጻፈ፣ መርፌው እስኪቀቀል ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀመጣት። ያኔ መርፌ በብረት ድስት ውኃ ይቀቀል ነበር። የሺ በኋላ በር ስትወጣ አየሁ፤ ሽንት ቤት ነው ብዬ ተውኳት። በመስኮቱ ሳይ ከሴትዮዋ ሥር ቁጢጥ ብላለች፣ ጆሮዋን ከአፏ አድርሳ። ተመልሳ ገባች፣ መዝገቡን ከፊቴ ሳብ አድርጋ ሰ የሚለውን ገጽ ገለጠች፣ መሰላሉን ወጣች፣ አንድ ካርድ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«የጠጂቱ ካርድ ነው» አለች።

«ስንዱ ነው እኮ የሚለው!»

«ጠጂቱ ያሏት አማቷ ናቸው። በአባቷ ቤት ስንዱ ነች። ገልጠህ እየው።»

ገለጥኩት። በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ እንደ ልማዴ በየፊደሉ እየቆምኩ አነበብኩት። ፔኒሲሊን ተወግታ ራሷን ስታ ነበር፤ ሁለተኛ እንዳይሰጣት ይላል።

እኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ይህን የማያውቅ የለም። የሁለቱን ወንድሞቼን ሚስቶች ስም ያወጣችው እናቴ ናት፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ እልል ሲባል ሰምቻለሁ። የአባታቸው ቤት ስማቸው ማን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። የእኔ ስም ተለውጦብኝ ስለማያውቅ ሌላ ሰው ሁለት ስም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም። ባልየውም ያው ነው፤ እሱ ቤት ጠጂቱ ናት፣ ሌላ ስም አያነሣም። የሺ ግን፣ ኋላ ዘበኛው እንደነገረኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ስሟን አማቷ ለውጠውባት ነበር። ስለዚህ ነው የምትጠይቀው። በአባትሽ ቤት ማን ነበር የሚሉሽ? ይቺው ናት ጥያቄዋ።

«አድርሰው እንጂ» አለችኝ የሺ። «ተራህ አይደል?»

አሁን የምጽፈውን ለቄሴ ካልሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አልተነሣሁም። ካርዱን ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን ካደረስኩ ጋሽ ታፈረ እንደተሳሳትኩ ያውቃሉ፤ ወንበሯ የየሺ ነች፤ እኔ የወንድሜን በሬ እየነዳሁ እኖራለሁ። ይህን ሳስብ ከግድግዳው ወዲያ የመርፌው ውኃ ሲንተከተክ ይሰማኛል። ከዚያ መንተክተኩ ቆመ፤ ድስቱን ከእሳት አወረዱት። ያን ጊዜ እግሬ በራሱ ተነሣ።

ስገባ ድሬሰሩ መርፌውን ሞልቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ እያየው ነበር። «ቆይ! ቆይ!» ብዬ ካርዱን ፊቱ ዘረጋሁለት። አነበበና መርፌውን አስቀመጠ። ግንባሩን አላበው። «ጋሽ ታፈረ! ኑ እስኪ! ይሄ ልጅ ዛሬ ሰው አተረፈ!» ብሎ ተጣራ።

ጋሽ ታፈረ መጡ፤ ሁለቱን ካርድ ጎን ለጎን አዩ። «እንዴት ደረስክበት ልጄ?» አሉኝ።

«በአባቷ ቤት ማን ይሏት እንደነበር ጠየቅኳት» አልኩ።

ትከሻዬን ያዙኝ። «ጎበዝ! ጎበዝ! ሠላሳ ዓመት ስሠራ እኔም ያልደረስኩበት!» አሉ። ዞር ስል የሺ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች። ዓይኔን አየችኝ፤ እኔ እስክናገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። አልተናገርኩም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ካርድ ክፍሉ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ እሷ መስኮቱን ያዘች። አንድም ሰው ሳይቆም፣ አንድም አዲስ ካርድ ያለአግባብ ሳይወጣ ዋለ። ነገሩ ግን ጠዋት አልቋል። ሥራው ሲያልቅ ጋሽ ታፈረ ስሜን ጠሩ። ለሴትዮዋ ሌላ መድኃኒት ተሰጥቷት ተሽሏት ነበርና ባሏ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል እኔ ወደኋላ ሸሸሁ።

በሩ ላይ የሺ ጠበቀችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ሰብሬ ቆምኩ።

«ደሴ።»

«አቤት።»

«ባላቸው ፊት እንዳትጠይቃቸው። የአባትሽን ቤት ስም ጠራሽ ተብለው ቤት ሲገቡ ይጨቀጨቃሉ። ጠጋ ብለህ፣ ድምፅህን ቀንሰህ ጠይቃቸው። አማቷ ከተከተለቻት ደግሞ አማቷን ውኃ አምጪ ብለህ ላካት። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በል ደህና ሁን።»

ይህን ብላኝ ሄደች። በሳምንቱ አክስቷ ወደ እስቴ መለሰቻት አሉ። የሺ ያን ምክር የነገረችኝ በንቀት ይሁን በደግነት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሁለቱንም ቢሆን እኔ እሷን ብሆን አላደርገውም ነበር፤ አፌን ዘግቼ ሲሳሳት ልየው ነበር የምለው።

ወንበሯ ላይ አርባ ዓመት ተቀመጥኩ። ቤት ሠራሁ፣ ልጅ አሳደግኩ፣ በወግ ጡረታ ወጣሁ። ያቺን ጥያቄ እንደነገረችኝ፣ ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ቀንሼ፣ ስንት ሴት እንደጠየቅኩባት አላውቅም። ሐኪሞች ተለዋወጡ፣ የመጣው ሁሉ ያመሰግነኛል። ሥራውን ያሸነፈ ሰው ቅናቱ ይለቀዋል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም። በተመሰገንኩ ቁጥር የሺ በሩ ላይ የቆመች ይመስለኛል።

በሕይወት እንዳለች አውቃለሁ። ከእስቴ የመጣ አንድ ነጋዴ እንደነገረኝ ኋላ ሱቅ ከፍታ ነበር፤ አሁን የልጅ ልጆች አሏት፣ ዓይኗ ደከም ብሏል። በሚኒባስ ሄዶ መድረስ የሚያቅት አገር አይደለም። አልሄድኩም።

ይህን ጽፌ እዚህ ስደርስ ለባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ባቄላ እየለቀመች ነበር፤ እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።

«ታዲያ ሂድና ይቅር በይኝ በላት» አለች።

«እልሄ አይፈቅድም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አርባ ምናምን ዓመት ሆኖት! እሷ እኮ ረስታዋለች።»

የጎረቤቴን ልጅ ሕይወትን ጠርቼ ጥያቄዋ የማን እንደሆነች እነግራታለሁ፤ እሱ አያቅተኝም፤ ይኸው ጽፌዋለሁ። እስቴ መሄዱ ነው የከበደኝ። እኔ ያቺን ቀን አርባ ዓመት ሙሉ እዚያ መስኮት ላይ ተሸክሜአት ኖሬአለሁ። የሺ ረስታት ከሆነ ግን፣ በዚህም በለጠችኝ ማለት ነው።